ቁስሉ ከሻረ በኋላ የመጣብኝ ጨለማ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ቆሜያለሁ፤ ግን ተቆጥቼም ነው የቆምኩት፤ ታገሡኝ።

ቡሬ ላይ የቤት ክዳን ቆርቆሮ የምመታ ሰው ነበርኩ። ጌታን አላውቅም፤ የምመካው በጉልበቴ ነበር። አንድ ቀን ከጣሪያ ወድቄ ጭንቅላቴን ተመታሁ። ራሴን ስቼ ሰነበትኩ። ስነቃ፣ ቁስሉም ሲሽር ዘመድ ሁሉ፣ "እግዜር ይመስገን፣ ተርፏል" ብሎ ወደየቤቱ ሄደ።

የከፋው ከዚያ በኋላ መጣ። ዓመት ካለፈ፣ ሰው ሁሉ ድኗል ካለኝ በኋላ ውስጤ ጨለመ። እህል አስጠላኝ። ልጄ ስትስቅ እንኳ ድምጿ ይከብደኝ ጀመር። ተኝቼ እውላለሁ፤ እንቅልፍ ግን የለም። ታላቅ ወንድሜ መጥቶ፣ "ሚስትህ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች አንተ ትተኛለህ? ምንህን ነው የሚያምህ? ቁስልህ እንደሆነ ሽሯል" አለኝ። ጎረቤቱም ሰነፈ አለኝ።

ያልናቁኝ እትዬ ዘውዴ ብቻ ናቸው፤ ይኸው ከፊት ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ናቸው። አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ "ልጄ፣ ተነሣ አልልህም፤ ብትችል ኖሮ በተነሣህ ነበር። ጌታ ኢየሱስ ግን ከተኛህበት ይሰማሃል" አሉኝ። እዚያው አልጋ ላይ ጌታን ተቀበልኩ። ስሙ ይባረክ።

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት የወሰዱኝም እሳቸው ናቸው። ሐኪሟ ሁሉንም ጠይቃኝ፣ "ይህ ድብርት የሚባል በሽታ ነው። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ቁስሉ ከሻረም በኋላ ሊይዘው ይችላል፤ ሄድ መጣም ይላል። ስንፍና አይደለም፤ ይታከማል" አለችኝ። አለቀስኩ። ሕመሜን ሕመም ብሎ የጠራልኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረማ።

ክኒኑን ጀመርኩ። ቀስ በቀስ እህል ቀመስኩ፤ ከሰው ጋር መጫወት ጀመርኩ። አሁን የሚያስቆጣኝን ስሙ። ከእኛው መካከል አንድ ወንድም፣ "ጌታ ፈውሶህ ሳለ ክኒን ትውጣለህ? እምነት ቢኖርህ ትጥለው ነበር" አለኝ። ጣልኩት። ጨለማው ተመልሶ መጣ፤ ሞቴን ተመኘሁ። ባለቤቴ ከአጠገቤ አልተለየችም። እሷና እትዬ ዘውዴ ደግፈው መልሰው ሐኪም ዘንድ ባይወስዱኝ ኖሮ፣ ዛሬ የምትሰሙት መርዶዬን ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እግሩ የተሰበረውን ሰው፣ "እምነት ካለህ ጀሶህን ፍታ" ትሉታላችሁ? ታዲያ የኔን ጭንቅላት ከእግር ማን ለየው? ጌታ እንዲህ ያለ ነገር አልነገረኝም። የተናገርነው እኛ ነን፤ ያውም በእርሱ ስም።

ዛሬ መሬት ላይ ሆኜ በርና መስኮት እሠራለሁ። የሚከብደኝ ቀን አሁንም ይመጣል። መድኃኒቴን እየወሰድኩ እጸልያለሁ፤ ጌታም አልተወኝም፤ አመሰግነዋለሁ። ከመካከላችሁ ከአልጋው መነሣት ያቃተው ካለ፣ በጌታ ይታመን፤ እርሱ አልናቀውም። ሐኪም ቤት ብቻውን መሄድ የፈራ ካለ ደግሞ፣ ከጉባኤው በኋላ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።