ሁለት ዓይን ለቦራ

ጁነይዲ ይማም በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፎቶ ያነሳ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነውና ሥራው መታወቂያ ነው፤ ለቀበሌ፣ ለገበሬ ማኅበር፣ ለሴቶች ማኅበር። ሰው ሁሉ ካሜራው ፊት ሲቀመጥ ለፍርድ የቀረበ ይመስል ፊቱን ያኮሳትራል። «እስቲ ፈታ በሉ» ቢላቸው ይብስባቸዋል። ማን ይፍረድባቸው! ያኔ አንድ ጉርድ ፎቶ የት ቢሮ ገብቶ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቅ ነበር?

እንስሳ ግን መታወቂያ አያወጣም። እንስሳ የማንሳትን ደስታ ለጁነይዲ ያሳየችው አልጣሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ናት። አንድ ቀን ድመቷን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣችና «ልጅ አልሰጠኝም፤ እሷን አንሳልኝ» አለችው። ድመቷ እንደ እመቤት ወንበሩ ላይ ተደላድላ እግሯን መላስ ስትጀምር፣ ጁነይዲ ሆዱን ይዞ እየሳቀ አነሳት። ወሬው ገበያውን ዞረ። ጥጃ የሚጎትተው፣ ውሻ የሚያባብለው፣ ሙክቱን ወንዝ ወስዶ አጥቦ የሚያመጣው በዛ። ውሻው ካሜራውን ሊያሸት ይመጣና ፎቶው ላይ አፍንጫው ብቻ ይወጣል። ጥጃው መጋረጃውን ያኝካል። ጁነይዲ በዚህ ሁሉ ተቆጥቶ አያውቅም፤ ትናንት ለመታወቂያው ተኮሳትሮ የተነሳው ገበሬ ዛሬ ሙክቱን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ማየት ብቻ ይበቃው ነበር።

«የሰው ፎቶ አንሺ ነው ብለው ዳሩኝ፤ ለካ ያገባሁት የከብት ነው!» እያለች ሚስቱ ፋጤ ታሾፍበታለች።

«ከብቱ እኮ ባለቤቱን ይዞ ይመጣል» ይላታል እሱም። ሲሰግድም እንጀራውን እንዲህ ሳቅ ያለበት ስላደረገለት አላህን ሳያመሰግን አይነሳም።

አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ የጋይንቱ ቤተ ልሔም የድጓ መምህር መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ለዘመድ ሰርግ እስቴ መጡ። ጋይንትን ዙሪያውን ያወቁት በበቅሏቸው ጀርባ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ይሏታል።

«አርጅታለች» አሉት ለጁነይዲ፣ አንገቷን እያሻሹ። «ከዚህ መንገድ ወዲያ አትሸከመኝም። ሳትሞትብኝ መልኳ ይቅርልኝ።»

ጁነይዲ በጎን አቆማትና ከአፍንጫ እስከ ጭራ፣ ከነኮርቻዋ አነሳት። ፊልሙ የሚታጠበው ደብረ ታቦር ነበርና ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ከረመ። በመጨረሻ ሲመጣ ግን እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። የእግሯ ሥር እንኳ ይቆጠራል። ኩራት ኩራት እያለው በመሪጌታ የእህት ልጅ በላቀው እጅ ላከላቸው።

ላቀው ያንኑ ፎቶ ይዞ ተመለሰ።

«የኔታ አልተቀበሉትም» አለ አቀርቅሮ።

«ምን ጎደለው?»

«ዓይን። ‹ቦራዬን ከይሁዳ ጋር አቆማት› ነው ያሉት።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሚሳለው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና አጋንንት ናቸው። ጁነይዲ ያንን ግድግዳ መቼ አየና! ፋጤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ላቀው ግን ቀጠለ፤ «ቦራም ተኝታለች። ሣሩንም ትታዋለች።» ይሄኔ የፋጤ ሳቅ ቆመ። በቅሎዋ ከሞተች ሽማግሌው ግድግዳቸው ላይ ሊሰቅሉት ከማይፈልጉት ፎቶ በቀር ምንም አይቀርላቸውም።

«ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!» አለችው፤ ስንቁን ቋጠረችለት።

በአውቶቡስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጋይንት ገባ፤ የቀረውን በእግሩ አዘገመ። መንገዱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ሲያመላልስ ነበር። ፊት ለፊት ካነሳት ጆሮና አፍንጫ ብቻ ትሆናለች፤ ገላዋ ይጠፋል። በጎን ካነሳት አንድ ዓይኗ ይቀራል። ደግሞስ በሕይወት ባያገኛትስ?

ደረሰላት። መሪጌታ ሲያዩት አፈሩ።

«ለእንስሳ ብለህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ የኔታ።»

የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ያውቃሉና ዳቦ በማር አቀረቡለት። ከዚያ ተማሪዎቹ ቦራን ደግፈው አቆሟት። ቆመች፤ አንገቷን ግን ደፍታ ቀረች። ጁነይዲ አጨበጨበ፣ አፏጨ፣ ገብስ አሳያት። ወይ ፍንክች! ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

«የኔታ፣ መንገድ ሲሄዱ ምን ይሏት ነበር?»

«ምን እላታለሁ? እኔ ድጓዬን አዜማለሁ፣ እሷ መንገዷን ትሄዳለች።»

«እንግዲያው ከኋላዬ ይቁሙና ያዚሙላት።»

ሽማግሌው ተማሪዎቻቸውን ሰረቅ አድርገው አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣም ነበር፤ እየቆየ ግን ሞቀ። የቦራ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ገላዋ በጎን እንደቆመ ሆኖ አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ መጡ። ጁነይዲ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው።

ቦራ ብዙ አልቆየችም። ፎቶው ሲታጠብ ጁነይዲ ለማንም አልሰጠውም፤ ራሱ ይዞት ሄደ። መሪጌታ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጁነይዲ ጭንቅ ያዘው።

«ምነው የኔታ፣ አሁንም ጎደለ?»

«ስታነሳት እኔ የት ነበርኩ?» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«ከኋላዬ፣ በቀኝ ትከሻዬ በኩል።»

«እኮ! ካሜራህን አይደለም የምታየው» አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ። «እኔን ነው የምታየው።»

ጁነይዲ ይህንን ሥራ የሰጠውን ጌታ በልቡ እያመሰገነ የበሩ ደፍ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠና አብሯቸው ቦራን ያያት ጀመር።