የቡሌ ጨው

ነጅሙዲን ከስልጤ አገር ተነስቶ ዲላ የገባው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። አጎቱ ሱቅ ውስጥ አራት ዓመት ጨርቅ ለካ፤ አልሆነለትም። ከባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ መዋል ያፍነዋል። በመጨረሻ ሁለት አጋሰስና አንዲት በቅሎ ገዛና ከዲላ ወደ ቡሌ ጨው መጫን ጀመረ። በዚያው ሃያ ሁለት ዓመት ቆየ። ሚስቱ ረህማ በወለደች በሦስተኛው ቀን ከነሕፃኗ ሞተችበት። ሌላ አላገባም። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ “መንገደኛን የምትጠብቅ ሴት ምን በደለች?” ይላል።

ዲላን ጎሕ ሲቀድ ይለቃል። የቡናውን ጥላ አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ቡናው ያበቃና እንሰትና ገብስ ብቻ ይሆናል። ክረምት ከሆነ ጭቃው የአጋሰሱን ጉልበት ይውጣል። ቡሌ የሚደርሰው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው፤ የሚያርፈውም አሰፋች ግቢ። አሰፋች ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ ለመንገደኛ ማደሪያ ለከብቱ ጋጣ የምታከራይ ሴት ናት። ሥጋዋን እንደማይበላ ስለምታውቅ የገብስ ገንፎ በወተት ታቀርብለታለች። ብዙም አያወሩም። እሷ ጥጧን ትፈትላለች፤ እሱ የተበጠሰ መጫኛውን ይጠግናል። ነጅሙዲን በዓለም ላይ ቤቴ የሚለው ቦታ ቢኖር ያ ግቢ ነበር፤ ግን ብሎት አያውቅም።

ያኔ አንድ ጣሳ ጨው ዲላ ላይ ሃያ ሳንቲም ይሸጣል፤ እሱ ቡሌ አውጥቶ በሃያ አምስት ይሰጣል። የቀን ሙሉ ዳገት ለአምስት ሳንቲም! የቡሌ ሴቶች፣ “ነጅሙ ለጽድቅ ነው የሚነግደው” ይሉ ነበር። እሱም ፈገግ ብሎ ያልፋል። እውነቱ ሌላ ነው። ጨው ይዘው የወጡት እንስሳት ገብስ ይዘው ይወርዳሉ። ቡሌ የተረፈው ገብስ ዲላ ላይ ውድ ነው፤ የእንስሳቱን ገለባ፣ የማደሪያውን ኪራይ፣ የእሱንም ቀለብ የሚችለው ያ ገብስ ነበር። ጨው በገብሱ ጀርባ ታዝሎ የሚወጣ ያህል ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። ሰው ሲወደድበት እንጂ ሲረክስለት ምክንያት አይፈልግም።

በ1973 ዓ.ም. የመኸሩ እህል እንደገባ ከቡሌ መውረጃው ላይ ኬላ ቆመ። ገበሬው ገብሱን በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት እንዲያስረክብ ታዘዘ። ነጋዴ አንድ ቁና ይዞ እንዳያልፍ ተከለከለ። ነጅሙዲን ወሬውን የሰማው ከኬላው ሲደርስ ነው። ጠባቂዎቹ ጭነቱን አራገፉ። እንስሳቱን ለቀቁለት፤ ገብሱን ወረሱት። ቁልቁለቱን አጋሰሶቹ ቀሏቸው እየሮጡ ሲወርዱ፣ እሱ ከኋላ ባዶ ጆንያዎቹን ትከሻው ላይ ጥሎ ይከተል ነበር።

ቤቱ ገብቶ ሦስት ቀን አሰበ። ከእንግዲህ ጨው የራሱን መንገድ ብቻ ሳይሆን የባዶውንም መልስ መክፈል አለበት። ቢያወጣ ቢያወርደው ከስልሳ ሳንቲም በታች አልመጣልህ አለው። በሚቀጥለው ገበያ ስልሳ ብሎ ጠራ።

“ስልሳ?” አለች አንዲት ደንበኛው። “ምነው ነጅሙ፣ ባሕሩ ደረቀ እንዴ?”

“ገብስ መጫን ተከለከልኩ፣ እህቴ።”

“ገብስና ጨው ምን አገናኛቸው?”

ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ኋላዋ የቆሙት መሳቅ ሲጀምሩ ተወው። የዚያን ዕለት የሸጠው ግማሽ ጆንያ ብቻ ነው። በሁለተኛው ገበያ ጨርሶ የሚያሰፍረው ጠፋ፤ በሦስተኛው የገበሬ ማኅበሩ ጠራው።

ሸንጎው የተቀመጠው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተኮልኩሏል። አሰፋችም ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ጓድ ዘነበ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከአውራጃ የመጣ ሰው አጠገቡ ተቀምጧል።

“በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰሃል” አለ ዘነበ። “የሃያ አምስት ሳንቲሙን ጨው ስልሳ ያደረግኸው ለምንድን ነው?”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ጨዉን አላስወደድኩም። ድሮ ገብሱ ይከፍልለት ነበር። አሁን ባዶዬን ነው የምወርደው።”

“ባዶ መውረድ ምን ያስከፍላል?” አለ የአውራጃው ሰው። ሜዳው በሳቅ አውካካ።

ነጅሙዲን ዙሪያውን አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ጨው የሰፈረላቸው ፊቶች ናቸው። አንዱ እንኳ ተነስቶ “ቆይ፣ እስቲ ይናገር” ቢል ብሎ ጠበቀ። አሰፋች ሣር እየነጨች መሬት መሬቱን ታያለች።

የያዘውን ሁሉ በሃያ አምስት እንዲሸጥ ተፈረደ። ሕዝቡ ተሻምቶ ሰዓት ሳይሞላ ጆንያዎቹን ሙልጭ አደረጋቸው። ከዚያ እንስሳቱን እየሳበ ወደ አሰፋች ግቢ ሄደ። በሩ ከውስጥ ታስሯል። እሷ ከአጥሩ ኋላ ቆማ፣

“ወንድም ነጅሙ፣ ለዛሬ እንኳ ሌላ ቦታ እደር። የአሻጥረኛ ማረፊያ ይሉኛል” አለችው።

“እሺ፣ እትዬ” አለና ተመለሰ።

ዲላ እንደገባ ሁለቱን አጋሰሶች ሸጠ። በቅሎዋን አስቀራት። የተከራየው ክፍል እስከዚያ ድረስ ከመንገድ መልስ የሚያርፍበት ብቻ ነበር፤ አሁን ሲውልበት ጎረቤቶቹን እንደማያውቃቸው ገባው። አጎቱ ሞቷል፤ የአጎቱ ልጅ ረሻድም ሱቁን ዘግቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲሄድ እሱ ጫማውን ቀስ ብሎ ያደርጋል፤ የሚያዋራው እንደሌለ እንዳይታወቅበት። ጠዋት ጠዋት በቅሎዋን የማያስፈልጋትን መንገድ እየነዳ ወንዝ ያደርሳታል።

ቡሌ በበኩሏ ጨው አጣች። ከስልሳ በታች የሚያወጣው፣ በስልሳም የሚደፍረው ነጋዴ አልተገኘም። አራት ወር ያህል ሰው ጎመኑን አልጫ በላ፤ ላሞቹም ወተት ቀነሱ። በመጨረሻ ማኅበሩ ራሱ መኪና ተከራይቶ ጨው አስወጣ። ለመኪናው የደርሶ መልስ ተከፈለ፤ ጣሳው ሰማንያ ሳንቲም ሆነ። ዋጋው ማኅተም ስለተመታበት አሻጥር ያለው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ አሰፋች፣ ዋዜማውን ዲላ ወርዳ አድራ፣ በማለዳ ቤቱን አጠያይቃ መጣች። ሻይ አፈላላት። ብርጭቆው አንድ ብቻ ስለነበር እሱ ሳይጠጣ ተቀመጠ።

“ሰማንያ ገባ” አለችው።

“ሰማሁ።”

“ያን ቀን ልናገርልህ ነበር። የአሻጥረኛ ወዳጅ ይሉኛል ብዬ ተውኩት።”

“ብትነሺስ ምን ትያቸው ነበር?”

“ገብሱን ነዋ!” አለች። “ሃያ ዓመት ግቢዬ ውስጥ ሲጫን ሳይ፣ የምታተርፍበት እሱ እንደሆነ አላውቅም? የጨዉን ዋጋ ስትጠራ እኮ ለብቻዬ እስቅ ነበር።”

ነጅሙዲን እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አልገባውም ብሎ ነበር የተጽናናው፤ ያልገባው ሰው አይወቀስማ። የሚያውቅ ሰው ሜዳው ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ደስ ይበለው ይዘን፣ ለራሱም አልለይለት አለ።

“በቅሎዋን ጭነህ ና” አለችው። “አሁን ስልሳ ብትል እጅህን ይስማሉ። ጋጣውም ባዶ ነው።”

“አይ፣ እትዬ። ደከመኝ።”

አልተጨቃጨቀችም። ሻይዋን ጠጥታ ተነሳች። እሱ ዘንቢሏን ተቀብሏት ከከተማው ዳርቻ፣ ዳገቱ እስከሚጀምርበት ድረስ ሸኛት። ዘንቢሉን ሲያቀብላት፣ “መንገዱ ጭቃ ነው፤ በሣሩ በሣሩ ሂጂ” አላት።

በቅሎዋን ወናጎ ወስዶ ለአንድ ገበሬ ሸጣት። በዓመቱ ዲላ ባለው የእህል መጋዘን በጥበቃ ተቀጠረ። አንዳንድ ጊዜ ከቡሌ ኮታ የጫነ መኪና ይገባል። አውራጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ነጅሙዲን ከአንዱ ጆንያ ጥግ የፈሰሰውን ገብስ በመዳፉ ለቅሞ ያሸተዋል፤ መልሶ ጆንያው ውስጥ ይከተውና ቀዳዳውን በቃጫ ይሰፋዋል።