«ኮከብ ልትጠለፍ ነው» ያልን ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትዕዛዝ ማይክሮፎን ፊት እንዳልስል ነበር። ሁለተኛው እንዳልስቅ። ሳሉን ተውኩት፤ ሳቁን ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ አልቻልኩበትም።

የሠራሁባት ወልድያ ውስጥ ያለች ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ናት። ባልደረቦቼ አሁንም እዚያው ስለሚሠሩ ስሟን ልተወው። በተርጓሚነት ገባሁ፣ ቀጥሎ ዜና አንባቢ ሆንኩ፣ ኋላ የሳይንስ ፕሮግራም አዘጋጅ ተባልኩ። ማዕረጉ ሲሰሙት ያምራል። ሥራው ግን ከውጭ የመጣን የሳይንስ ወሬ መርሳ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው እንዲገባው አድርጎ መናገር ነው። ስቱዲዮአችን ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ክፍል ነበር። ከመስታወቱ ባሻገር ቴክኒሻናችን ሰይድ ሚክሰሩ ላይ ይቀመጣል። ጣቱን ሲያነሳ ማይክ ተከፍቷል ማለት ነው።

ዋና አዘጋጃችን አቶ ግርማ ደግ ሰው ነበሩ። አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ ረጅም ርዕስ ሲያዩ ያማቸዋል። እዚህ ከመምጣታቸው በፊት በመስኖ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ስለነበሩ፣ ነገሩ ሁሉ ወደ ቦይና ወደ ግድብ ይዞራቸዋል።

በዚያ ሰሞን ሳይንቲስቶች አንዲት መንኮራኩር ልከው ሆን ብለው ከአስትሮይድ ጋር አጋጩ። ዓላማው ወደፊት አንዱ ወደ ምድር ቢመጣ መንገዱን ማስለወጥ ይቻል እንደሆነ መሞከር ነው። ዜናው ደስ ብሎኝ «የአስትሮይድን አቅጣጫ የማስቀየር ሙከራ» ብዬ ጽፌ አቀረብኩ። አቶ ግርማ አንብበው ግንባራቸውን አሹ። ይህንን የሚሰማልሽ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ያለ ዶክተር ብቻ ነው አሉኝ። አስትሮይድ የሚለውን ሰርዘው «ኮከብ» አሉት። ኧረ ኮከብ አይደለም፣ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ድንጋይ ነው ብላቸው፣ ድንጋይን ማን ያዳምጣል አሉ። «አቅጣጫ ማስቀየር» የሚለውንም ሰረዙት። ወንዝ ከመንገዱ አውጥተን ወደ ማሳ ስናዞር ምን እንላለን? ጠለፋ። በቃ፣ «ኮከብ ጠለፋ»።

እውነት ለመናገር ቃሉ በቦታው ልክ ነው። መርሳ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ ጎርፍ ሲወርድ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የታወቀ ሥራ ነው። ግን በዚያው በሐብሩ ጠለፋ ሲባል ሴት ልጅ በጉልበት መውሰድም ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። «አውዱ ያስረዳል» አሉኝ። ይህ አውድ የሚሉት ሰውዬ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ደርሶልኝ አያውቅም።

ማስታወቂያውን ራሳቸው ጻፉት። እኔ አነበብኩ። «ኮከብ ልትጠለፍ ነው። ማን ነው የሚጠልፋት? እንዴትስ? በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ይጠብቁን።» መጨረሻው ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ሰይድም እየሳቀ ስለነበር ማይኩን ዘግይቶ ዘጋው፣ ሳቄም አብሮ ተላለፈ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አዛውንት ቢሮአችን ገቡ። ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው፣ አባ ይማም ይባላሉ። ሊቆጡ የመጡ መስሎኝ ተነስቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን ምርቃት ጀመሩ።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ ቀድመሽ ነገርሽኝ» አሉ። «አሁን ማን እንደሆነ ንገሪኝና ልሂድ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አባ ይማም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻቸው። ስሟ ኮከብ ነው። ሽማግሌ ልኮ የተመለሰበት አንድ ጎረምሳ ገበያ መሐል ቆሞ በጉልበት እወስዳታለሁ እያለ ሲፎክር ከርሟል። በዚህ መሐል ሬዲዮ «ኮከብ ልትጠለፍ ነው» አለ፤ ያውም እየሳቀ። አባ ይማም ሌላ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀሩና በዚያው ምሽት ሐራ ከተማ ላለ ነጋዴ ልጅ ሊድሯት በስልክ ቃል ሰጡ። ኒካው፣ የጋብቻው ውል፣ ለአርብ ተቆረጠ።

 አስቀምጬ ስለ ሰማዩ ድንጋይ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ድንጋይቱ ስሟ ኮከብ ነው?»

«አይ፣ እኛ ነን ያልናት።»

«ለምን?»

ወደ አቶ ግርማ ዞርኩ። ኮርኒሱን ያዩ ነበር።

አባ ይማም አመኑኝ። ግን የሳቸው ማመን ምንም አልለወጠም። እኔ ብሰማሽ ምን ይፈይዳል፣ አገር ሰምቷል፣ የልጅቷ ስም አንዴ ተነስቷል፣ ከሚጠልፏት እኔ ብድራት ይሻላል ብለው ሄዱ። በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር። ቢሆንም ልጅቷ በእኛ ርዕስ የተነሳ ልትዳር መሆኑ አንገበገበኝ።

አቶ ግርማም ደንግጠው ነበር፤ ማስተባበያ ልጻፍ አሉ። ይቅርብዎ ብላቸው አልሰሙኝም። እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ስለ ኮከብ ያስተላለፍነው ዜና ምድርን የሚመለከት አይደለም። ኮከብ ያለችው በሰማይ ነው። ለተፈጠረው ሁኔታ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ይህንንም እኔ አነበብኩ፤ አለቃ አለቃ ነው። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ሳይደርስ የአባ ይማም ግቢ በለቀስተኛ ሞላ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ «ኢና ሊላሂ» እያሉ ደረሱ። በሩን የከፈተችላቸው ኮከብ ራሷ ነበረች። ፊት ፊት የመጣችው አክስቷ እዚያው ደጃፍ ላይ ተዝለፈለፈች፣ ውኃ ያጠጣቻትም ሟቿ ናት።

ሐሙስ ዕለት አባትና ልጅ አብረው መጡ። ከዚህ በኋላ እኔ ራሴ ሬዲዮ ላይ ካልተናገርኩ መውለዴንም ያወሩልኛል ብላ አባቷን ያሳመነቻቸው እሷ ናት። የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳ ነበር። አባ ይማም እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ስርጭታችንን በሚያሰማው ሬዲዮ ሥር ተቀመጡ፣ እኔ ልጅቷን ወደ ኮሪደሩ ወሰድኳትና ትዳሩን ትፈልጊዋለሽ ወይ አልኳት።

«ሰውየውን አላውቀውም» አለችኝ። «ፈተናዬ ደርሷል። አባቴን ማስቀየም ደግሞ አልፈልግም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን በላችው።

አቶ ግርማ የምታነበው ጽሑፍ አዘጋጅተውላት ነበር። ጽሑፉን ወንበሬ ላይ አደረግሁና ተቀመጥኩበት። ምን እንደምትል አንድም ቃል አልነገርኳትም። ቀጥታ ስርጭት መሆኑን፣ ከአፍ የወጣውን ማንም ቆርጦ እንደማያወጣው ብቻ ነገርኳት። ብልጥ ልጅ ናት፣ አንዴ አየችኝና ወንበሯን ወደ ማይኩ አስጠጋች።

ሰይድ ጣቱን አነሳ። ስለ አስትሮይድ ጠየቅኋት፤ ትምህርት ቤት አንብባበታለች። ድንጋዩን መሰባበር እንደማያስፈልግ፣ ትንሽ ገፋ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃ አስረዳች። «ገና ሩቅ ሳለ ከተነካ ምድርን ሳያገኛት ያልፋል። ቅርብ ከደረሰ ግን የሚመልሰው የለም» አለች። ከኔ አነጋገር የሳቸው፣ ማለቴ የሷ፣ ይሻል ነበር፤ አክብሮት እስኪቀላቀልብኝ ድረስ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔም ኮከብ ነኝ። አልተጠለፍኩም፣ አልሞትኩምም። ግን ነገ ኒካዬ ነው። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። መማር እፈልጋለሁ። አባቴ እዚሁ ውጭ ተቀምጠዋል፣ እወዳቸዋለሁ። ነገ ከሆነ በኋላ ብናገር ስለማይጠቅም ነው አሁን የምናገረው።»

አቶ ግርማ ከመስታወቱ ጀርባ አንገታቸውን በእጃቸው ቆረጡ፤ ማይክ ዝጋ ማለታቸው ነው። ሰይድ በዚያች ሰዓት ጫማውን ማሰር ፈለገ። ያደረገው ማሰሪያ የሌለው ሸበጥ ነበር።

በሩ ተከፈተና አባ ይማም ገቡ። ቀይ መብራት በርቶ ሳለ ስቱዲዮ መግባት ክልክል ነው፤ ይህንን ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ፊታቸው ጠቁሯል። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ልጃቸውን አዩ፣ ማይኩን አዩ፣ ወደ ማይኩ አጎነበሱ።

«አሰላሙ አለይኩም። የኮከብ አባት ይማም ነኝ። ለለቅሶ የመጣችሁ አላህ ይስጣችሁ። ለሰርግ የተጠራችሁ ደግሞ ቅሩ። ልጄ ፈተና አለባት።»

ቀጥሎ ማይኩ የተዘጋ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ?»

«ነግሬዎት ነበር አባ» አለች። «አንቱ የሚሰሙት ሬዲዮ ነው።»

ይህንንም ሐብሩ በሙሉ ሰማው። የአባ ይማም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ሥራ ላይ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሐራው ነጋዴ አኩርፎ ሰነበተ፣ ሽማግሌ ገብቶ ታረቀ። ያ ፎካሪ ጎረምሳ፣ ሚሊሻ ጠርቶ ካነጋገረው ወዲህ፣ ገበያ ሲመጣ ስለ በግ ዋጋ ብቻ ያወራል። ኮከብ ፈተናዋን ተፈተነች። አቶ ግርማ ቢሮ ጠርተው ገሠጹኝ፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን ፕሮግራሙን «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በሚል ሪፖርታቸው ውስጥ አስገቡት።

አሁን ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህ ነው። በሕይወት ስላለ ሰው ማስተባበያ አትጻፉ። ማይኩን ለራሱ ስጡት።