ከሰላምታው ያላለፈው መልእክት

ይህ የሆነው አምና በቡና ለቀማ ወቅት ነው። ዛሬም ሥራ በሰለቸኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ድረ ገጽ እሠራለሁ። አጋሮ አቅራቢያ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ፣ ገበሬዎች በስልካቸው መልእክት ጽፈው መኪና የሚጠሩበት ገጽ አዘዘኝ። የተለቀመ እሸት ቡና ካደረ ይበላሻል፤ መኪናው በዕለቱ መድረስ አለበት።

የያዝኩት ፈረንጅ የሠራው ቴምፕሌት፣ ዝግጁ የድረ ገጽ ንድፍ ነው። እንግሊዝኛው ኮዱ ውስጥ ተሰግስጓል። እያንዳንዱን ቃል ከተደበቀበት እየጎተትኩ ኦሮምኛም አማርኛም እንዲገባበት ማድረግ ነበረብኝ። አንዱን ስጨርስ ሌላው ብቅ ይላል። ዓይኔ ቀላ፣ ወገቤ ተቆረጠ። በመጨረሻ ገጹ ከላይ እስከ ታች ኦሮምኛም አማርኛም ሲሆን ተገላገልኩ አልኩ።

በማግስቱ የማጠቢያው ኃላፊ ከድጃ ደወለች። መልእክቱ ይጎርፋል፣ መኪና የጠራ ግን የለም። "ቡና ማጠቢያ ነበርን፣ ሰላምታ ተቀባይ አደረግከን" አለችኝ።

ከፈትኩት። እውነትም አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጅርቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ እንዴት ነው... ከዚያ ቁርጥ። ሰዉ ገጹን እየሞከረው ነው ብዬ ልተወው ነበር። እንዲህ ያሰኘኝ ድካም ነው። የላኪው ስልክ አብሮ ስለሚመጣ ግን ለአንዱ ደወልኩ።

ያነሱት አባ ዝናብ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። በስልክም ሰላምታቸው ረጅም ነው። እሱን ጨርሰው፣ "ልጄ፣ ቡናዬን መንገድ ዳር አውጥቼ ከጠዋት ጀምሮ መኪና እየጠበቅኩ ነው። ጽፌ ነበር እኮ" አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ገጹ ላይ መልእክቱ የሚጻፍበት ሣጥን ከተወሰነ ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ትርፉን ለጸሐፊው ሳያሳውቅ ይቆርጠዋል። የሠራው ሰው አንድ ሁለት መስመር ይበቃል ብሎ ይሆናል። እዚህ ግን ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው የለም። ሁሉም መኪና ጠርተዋል፤ ጥሪያቸው ግን ሳይደርስ ተቆርጧል።

ለከድጃ ነገርኳት። መኪናው ወዲያው ወጣ፤ እሷም ለሌሎቹ አንድ በአንድ ደወለችላቸው። የአባ ዝናብ ቡና ሳይመሽ ገባ። እኔም ሣጥኑን አሰፋሁት።

አመሻሹ ላይ ከአባ ዝናብ ሌላ መልእክት መጣ። እንደ ልማዳቸው ስለ ሁሉም ጠይቀዋል። መጨረሻው ላይ፣ "ድምፅህ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ደህና ነህ ወይ?" ይላል። ያን ሰሞን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንባ ሞላ።

አሁንም ቴምፕሌት እተረጉማለሁ፣ አሁንም ይደክመኛል። ቃሉን ከመንካቴ በፊት ግን ሣጥኑን አሰፋለሁ።