ሰባተኛው ፎቅ፣ በጓሮ በኩል

ከከተማችን ከአማን የተነሣነው ጥር ሲገባ፣ የቡናው ግርግር ጋብ ሲል ነው። የጉዟችን ዓላማ አንድ ነበር፤ ባለቤቴን ዘነበችን አልጋ ላይ ማስተኛት። ይህን ስል ቀልድ እንዳይመስልብኝ። አንድያ ልጃችን መቅደስ በኩላሊት ሕመም ካረፈች ወዲህ ዘነበች መሬት ነው የምትተኛው። ሐዘንተኛ መሬት መተኛቱ ያለ ነው፣ እኔም ተኝቻለሁ። አርባዋ ወጣ፣ ሰማንያዋ ወጣ፣ ጎረቤቱ "በቃ ተነሺ" ብሎ ለመናት፣ የነፍስ አባታችንም ገሠጿት፤ እሷ ግን ከዚያች ሰሌን ንቅንቅ አላለችም። እኔ ደግሞ ሥራዬ ፍራሽ መሸጥ ነው። ሱቄ ከወለል እስከ ጣሪያ ስፖንጅ ነው። የአማን ሰው ከኔ በገዛው ፍራሽ ላይ ተንፈላሶ ያድራል፣ የኔ ሚስት ሰሌን ላይ ታድራለች። ያናድዳል፣ ያሳፍራልም።

የሆቴሉን ሐሳብ ያመጡት ሐጂ ከድር ናቸው። ከጅማ መጥተው ቴፒ የከተሙ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ትልልቅ ሆቴል ማረፍ ይወዳሉ።

"ወልዴ፣ ይቺን ሴትዮ ከዚያ ቤት አውጣት" አሉኝ። "በሩም ግድግዳውም ልጅቷን ነው የሚያሳያት። ውሰድና ጥሩ ሆቴል አሳርፋት። ማንም የማያውቃት ቦታ ትረፍ።"

ሁለት ሆቴል ነገሩኝ። አንዱ ቦሌ በኩል ያለው አዲሱ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ የአትክልት ቦታና መዋኛ ያለው። ሁለተኛው ኮረብታው ላይ ያለው ረጅሙ ነው፤ ድሮ ስም ነበረው፣ አሁን ምንጣፉ አርጅቷል፣ የመኪናው ጩኸትም አያስተኛም። "እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ ቦሌውን ነው" አሉ ሐጂ። ለዘነበች ሁለቱንም ነገርኳት፣ በሆዴ ግን ቦሌውን ያዝኩ።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የዘነበች ታናሽ ወንድም ግርማ አለ፣ ባለትዳር ነው፣ ቤት አለው። ወንድም እያለ ሆቴል ማደር እኛ ዘንድ ቤቱን እንደ መናቅ ነው። ግርማ ቤት ብንገባ ግን ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰብና ሐዘኑ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ሳልነግረው ሄድኩ።

ከአማን እስከ ጅማ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልገባለትም፤ ዝናብ የማያጣው አገራችን በጥር ብቻ ነው አቧራ የሚሆነው፣ እኛም በዚያው ወር ገጠመን። ከግራና ከቀኝ ቡናው ተለቅሞ ያለቀለት፣ ቅጠሉ ቀይ አፈር ለብሶ ቆሟል። ዘነበች በመስኮት ታያለች። "ይቺ ዛፍ መቼም አትሞትም" የሚል ነገር ተናገረች፣ የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ቦንጋ ለቁርስ ወረድን። እንቁላል ፍርፍርና ሻይ አዘዝኩ፣ የቦንጋ ማርም በትንሽ ሳህን መጣልን። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወፈር ያለች ሴት ናት፤ የዘነበችን ጥቁር ልብስ አየችና ጀበናዋን አስቀምጣ መጣች።

"እህቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ልጄ" አለች ዘነበች።

ሴትዮዋ ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠች፣ እሷም የሞተባትን ወንድሟን አንሥታ አብራት አለቀሰች። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ሁለቱ አልጨረሱም። ሒሳብ አልቀበልም ብላ ገንዘቤን ኪሴ ውስጥ መለሰችው። ደግ ሴት ናት፣ እኔ ግን ተቃጠልኩ። ከአማን የሸሸሁት ቦንጋ ቀድሞ ጠበቀኝ። ፍርፍሩም እንደቀረበ ቀረ።

ጅማ ስንደርስ መሽቷል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ አልጋ ቤት ይዘን አደርን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አልጋው ግን ያረጀ ሽቦ ነው፣ መሐሉ ጎድጉዷል። ዘነበች ብርድ ልብሱን ገፍፋ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችው። "እዚህስ ፈርጄልሻለሁ" አልኳት፤ እንድትስቅልኝ ነበር፣ አልሳቀችም።

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ

በማግስቱ ሰኮሩን አልፈን ወደ ግቤ ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ጠነከረ፣ ሰው ሁሉ ኮቱን አወለቀ። ወንዙን ተሻግረን ሽቅብ ወጣንና ለምሳ ወልቂጤ ቆምን። ወልቂጤ የኔ አገር ነው። አጎቶቼ ከመናኸሪያው የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ላይ ነው የሚኖሩት። ቆቤን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ከአውቶቡሱ ሳልወርድ ተቀመጥኩ። በመስኮት በኩል ሙዝ ገዛሁ። በገዛ አገሬ እንደ ሌባ ተደብቄ ሙዝ ስልጥ ራሴን ታዘብኩት። ዘነበች አየችኝ፤ ከሙዙ ግማሽ በላች።

ሁለቱ ሆቴሎች

አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ገባን። ታክሲ ይዘን በቀጥታ ቦሌ። ሐጂ አልዋሹም፤ እብነ በረዱ ፊትን ያሳያል፣ አዳራሹ መሐል ውኃ ይፈልቃል፣ ጓሮው ለምለም ነው። አንዲት ትሑት እንግዳ ተቀባይ ክፍል ልታሳየን ይዛን ገባች። እኔ ሌላ ነገር አላየሁም፣ አልጋውን ነው ያየሁት። በመዳፌ ተጫንኩት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ስፌቱን አየሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፍራሽ ሸጬ አላውቅም። ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ሳይቸኩል ይመለሳል። ትራሱ አራት ነው። ለአንድ ሌሊት ሁለት ሺህ ብር ሲሉኝ እንኳ አላንገራገርኩም።

"ዘኔ፣ እስቲ ነካ አድርጊው" አልኳት።

አልነካችውም። ወደ ልጅቷ ዞረችና "ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው?" አለቻት።

"ሦስት ነው፣ እናቴ።"

"እንግዲያው ሌላውን እንየው።"

ነደደኝ። ፎቅ ምን ያደርግልሻል ልላት ነበር። ግን ከቀብሩ ወዲህ ዘነበች "ይህን እፈልጋለሁ፣ ያንን አልፈልግም" ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ቁጣዬን ዋጥኩና ታክሲ ጠራሁ።

የኮረብታው ሆቴል እንደተባለው ነው። ምንጣፉ መሐል መሐሉን ተልጧል፣ አሳንሰሩ እያቃሰተ ይወጣል፣ መንገዱ ላይ ያለው ጥሩምባ እስከ ላይ ይሰማል። ዋጋው ከቦሌው ቀነስ ይላል እንጂ ርካሽ አይደለም። እንግዳ ተቀባዩ በፊት ለፊት በኩል፣ አደባባዩን የሚያይ ክፍል አለኝ አለ።

ዘነበች ጠጋ አለች። "ሰባተኛ ፎቅ ነው የምንፈልገው። በጓሮ በኩል።"

"በጓሮ በኩል እንኳ ምንም አይታይም፣ እናቴ። ቤት ብቻ ነው።"

"ይሁን" አለች።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ጸጥታ ፈልጋ ነው፣ እየተሻላት ነው አልኩ። ወዲያው ቴፒ ደውዬ "ሐጂ፣ አፍ አውጥታ ክፍል መረጠች" ብዬ አበሰርኳቸው። "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ሰባተኛው ፎቅ

ከመስኮቱ የሚታየው እውነትም ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የውኃ ታንከርና ያልተቀቡ ሕንፃዎች ናቸው። ዘነበች ወንበሩን ወስዳ መስኮቱ ሥር አደረገችው። ራት ወደ ክፍል አስመጣሁ፤ ሾርባውን ጠጣች። ልተኛ ስል መብራቱን ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ።

"ተወው፣ ይብራ" አለች።

"ዓይኔ ላይ ነው እኮ።"

"ፊትህን አዙር። መጋረጃውንም አትንካው።"

ጠዋት ስነቃ በሷ በኩል ያለው አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ዘነበች መስኮቱ ሥር ምንጣፉ ላይ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ራሷን ወደ መስታወቱ አድርጋ ተኝታለች። መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ይበራል። ያን ሁሉ አቧራ ቅሜ፣ ከዘመድ ተደብቄ ያመጣኋት ምንጣፍ ላይ ልትተኛልኝ ነው? በማግስቱም ያው ነው። ወጥተን ከተማውን እንይ አልኳት፣ እምቢ። አንድ ጊዜ ብቻ ምርር ብሎኝ "ለዚህ ለዚህማ አማንስ ወለል አልነበረም?" አልኳት። ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም ታች ወርጄ ብቻዬን ማኪያቶ ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ስልክ ከታች ተደወለ፣ እንግዳ አለዎት ተባልኩና ወረድኩ። ከአማን አንድ ምላሰኛ ነግሮት ኖሮ ግርማ መጥቷል። ሶፋው ሁሉ ባዶ ሆኖ እሱ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ቤቴ ፈርሷል እንዴ?" አለኝ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።

"አልፈረሰም።"

"ታዲያ እህቴን እንደ ባዕድ ሆቴል የምታሳድራት ምን በድዬ ነው? ያን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል ምግብ ያመላለስኩት እኔ አይደለሁም?"

እውነቱን ነው። መቅደስ እዚህ አዲስ አበባ ስትታከም ዘነበች ከአጠገቧ፣ እኔ ለማሳከሚያ አማን ሱቁን ይዤ፣ ማታ ማታ ጠያቂያቸው ግርማ ነበር። በአሳንሰሩ እያጉረመረመ አብሮኝ ወጣ። እህቱን ሳማት፣ ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ሲል በመስኮቱ አየና ንግግሩን አቋረጠ። ጠጋ ብሎ አየ። ዘነበችን አየ። ክንዴን ይዞ ኮሪደሩ ላይ አወጣኝ።

"ያ ሆቴል ይህ ነው እንዴ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምኑ?"

"ያ ከታንከሩ በስተጀርባ ያለው ሕንፃ እኮ ሆስፒታሉ ነው። እኛ በፊት ለፊት ስለምንገባ ነው ያላወቅነው፤ ጀርባው እንዲህ ነው። የመቅደስ አልጋ መስኮቱ ጋ ነበር። ሲመሽ የዚህ ሆቴል መብራት ይታያታል፣ ፎቁን ትቆጥራለች። 'ሰባተኛው ላይ መብራቱን የማያጠፋ ሰው አለ፣ እሱም እንደኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነው' ትላለች። ሲሻለኝ አንድ ቀን እዚያ እንደር፣ ከላይ ሆኜ ይህን መስኮት ልየው አለቻት ለእናቷ። እትዬም እሺ አለቻት።"

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ግርማ ሆቴል ስለማደራችን ዳግመኛ አላነሣም። እኛን ተሰናብቶ ሲሄድ ነገ ምሳ እልካለሁ አለ እንጂ ቤት ኑ አላለም።

ስመለስ ዘነበች ከቦታዋ ናት። ጎኗ ተቀመጥኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ታመጣኝ ነበር?"

አላመጣትም ነበር። ከታች የሆስፒታሉ መስኮቶች አንድ በአንድ በሩ። የቱ ነው አልኳት፣ በጣቷ አሳየችኝ። "ዛሬ ሌላ ልጅ ተኝቶበታል" አለች። "ቀና ካለ መብራት ያያል።" ከአልጋው ሁለት ትራስ አውርጄ ምንጣፉ ላይ አደረግኳቸው። ያን ዕለት ሁለታችንም መሬት ተኛን፣ መብራቱንም አላጠፋነውም።

መልስ

ስንመለስ ወልቂጤ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ አጎቶቼን ጠየቅኩ። አለቀስን፣ ምሳ በላን፣ አልፈን ሄድን። ቦንጋም ያችን ሴትዮ ሰላም አልናት።

ዘነበች እስከ ዛሬ አልጋ ላይ አልወጣችም። ከጉዞው የተማርኩት ቢኖር ሰውን ከሐዘኑ አውጥቶ የሚያስተኛ ፍራሽ እኔም እንደሌለኝ፣ ሁለት ሺህ ብር የሚያስከፍሉትም እንደሌላቸው ነው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከሱቅ ስስ ስፖንጅ አምጥቼ ከሰሌኗ ሥር አነጠፍኩላት። ማታ ስትተኛ አወቀች፤ አላወጣችውም።

ሐጂ ከድር ሰሞኑን ሱቄ ጎራ ብለው ነበር። "እንዴት ነው አልጋው? ተመቻት?" አሉኝ።

"አልተኛችበትም፣ ሐጂ።"

"አላልኩህም!" አሉ። "ቦሌው ነበር የሚሻለው።"

ይሻላል፣ አልክድም። ሦስት ፎቅ ብቻ መሆኑ ነው እንጂ።