ጠርዝ ላይ የነበረው ቀይ ቀለም

ትልቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጠላለሁ። ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ የሚኩራራ ሰውም እጠላለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ ላስታ ውስጥ ስሙን በማልጠራው የመሬት መዝገብ ቤት ስሠራ ነው። ዘመኑ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የነገሠበት ነበር። ግድግዳው በቀስትና በሳጥን ሥዕል ተሸፍኖ ቀለሙ አይታይም፤ በየሳምንቱ ግምገማ ተቀምጠን አንዳችን ሌላችንን እናማለን። በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ "ሲስተም" ይዞ መጣ። ሲስተሙ ተከፍቶ እስኪያልቅ መብራቱ አይጠብቀውም፣ ይጠፋል። ከተከፈተም የደጋውን ገብስ አራሽ የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል፤ ካልተሞላለት ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ምን እናድርግ ብንለው ባለሙያው ከስልኩ ቀና ሳይል "ዝም ብላችሁ ሙሉት" አለን። እኛም ለገበሬው ሁሉ የባለሙያውን የራሱን ኢሜይል ሞላንለት። ደግ አደረግን እላለሁ እስከ ዛሬ።

እኔን ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም። ወልድያ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች አልነበሩትም፤ መጨረሻውም ተቀዷል። ስለዚህ ከመሀል ጀምሬ መሀል ላይ ቀረሁ። ደብዳቤ የምተይብ እየመሰልኩ በሥራ ሰዓት እሞካክራለሁ። ፊደላችን ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን እየሆነ ሲያበግነኝ ከረመና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ "ሀ" ሆኖ ወጣ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፣ የዚያን ቀን ያህል ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የራሴን ጻፍኩ። አንዲት ፍሎፒ ላይ ትገባለች፣ ወዲያው ትከፈታለች። የባለይዞታው ስም፣ መሬቱ ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑት ሰዎች፤ በቃ። የማይረባ ነገር አላስገባም ብዬ ማልኩ።

የምገለብጠው ከወረቀት መዝገብ ነው። መዝገቡን የጻፉት በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማስተማር ከተዉ ቢቆይም ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ጽሕፈታቸው እንደ ብራና ነው፤ ግን የገጹ ጠርዝ ላይ በቀይ ቀለም ስም ይጨምራሉ። እኔ እርማት መሰለኝ። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ቀይ ማለት ስህተት ነው፤ በፕሮግራሜም ስህተት ሲገኝ ቀይ ነበር የሚወጣው። ቀዩን በሙሉ እየዘለልኩ ገለበጥኩ። የኔታ ከኔ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። ምን ያውቃሉ ብዬ ነው። የቢሯችን ኃላፊ ዝርዝሩን አትሞ ለየቀበሌው በተነና የወረቀት መዝገቡን ወደ መጋዘን አስጣለው።

ከወራት በኋላ አንዲት ሴት መጣች፤ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በኩል የምትኖር፣ በቅርቡ ባሏ የሞተባት የቄስ ሚስት። የባሏ ወንድም መሬቱ የኔ ነው ብሏል። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ከኔ ፕሮግራም የታተመውን ዝርዝር ቢያይ የሟቹ ስም ብቻ ነው ያለው። ሐሙስ ይወስናሉ፤ እስከዚያ ማስረጃ ካላመጣች ያሳረሰችውን መሬት ትለቃለች።

ኃላፊያችን ከወንበሩ ሳይነሳ "ኮምፒውተሩ አያውቅሽም" አላት፣ የናቱ እኩያ የሆነችውን ሴት።

"እኔስ መች አወቅኩት!" አለችው። "እኔን የሚያውቀኝ መሬቱ ነው።"

እኔም አላፈርኩም። "ስህተት የለበትም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ይህን ቃሌን ባስታወስኩ ቁጥር ያንን ወጣት በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የኔታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "አንተ፣ አባትህ ድጓ ጸሐፊ አልነበሩም?"

"ነበሩ፣ የኔታ።"

"ብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የማን ስም ነው?"

አባቴ ሲጽፉ እያየሁ ነው ያደግሁት። "የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን" አልኩ።

"ከላይ የላኩት ቅጽ ለሚስት ቦታ አልነበረውም። እንዳይጠፉ ብዬ በክብር ቀለም ጻፍኳቸው። አንተ ለቅመህ አጠፋሃቸው።"

መጋዘኑ ውስጥ መዝገቡን ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር አገኘሁት። አይጥ በልቶታል። አይጥ ደግሞ የሚጀምረው ከጠርዝ ነው። የቄሱን ገጽ ገለጥኩ፤ የሴትየዋ ስም በቀይ፣ ሙሉውን፣ አለ። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ገጾች ግን ጠርዝ የላቸውም። የነዚያን ሴቶች ስም ዛሬም አላውቅም።

ሐሙስ መዝገቡን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። ኮሚቴው አየ፣ ተማከረ፣ መሬቱ ለሷ ጸና። ወንድምየው እኔን እንጂ መዝገቡን አልሰደበም። በሚቀጥለው ግምገማ ኃላፊው ነገሩን "ጥቃቅን የአፈጻጸም ክፍተት" አለውና አለፈ። ክፍተት! ሴት ከመሬቷ ልትነቀል ነበር፣ እሱ ክፍተት ይላል። እኔ ግን ተነስቼ ጥፋቱ የኔ ነው አላልኩም። ስለዚህ እሱን የምሰድብበት አፍ የለኝም።

ፕሮግራሙ ላይ ለሚስት ቦታ ጨመርኩ። የጎደለው ያቺው አንዲት መስመር ነበረች፤ ለመጻፍ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ አልፈጀብኝም። ከዚያ ከየኔታ ጎን ተቀምጬ፣ ሳይገባኝ የዘለልኩትን እሳቸውን እየጠየቅሁ፣ ከአይጥ የተረፈውን ቀይ ስም ሁሉ እንደገና ተየብኩ።

ሴትየዋ ወረቀቷን ልትወስድ መጣች። ማተሚያችን ጥቁር እንጂ ሌላ ቀለም አያውቅም፤ ስለዚህ የታተመውን ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ደግሜ ጻፍኩበትና ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ጣቷን ቀዩ ላይ አሳረፈች።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"አዎ እማማ፣ አንቱ ነዎት። ይቅር ይበሉኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ያጠፋኸኝም አንተ፣ የጻፍከኝም አንተ" አለች። "አላመሰግንህም።"

ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።