የሮማ ወታደሮች በሸራው ላይ

ጣልያንኛ የቀሰምኩት ከወረራው በፊት በአንድ ጣልያናዊ ነጋዴ ቤት ስሠራ ነው። ጣልያን ከገባ በኋላ ቋንቋው መተዳደሪያዬ ሆነና፣ በሃያ አንድ ዓመቴ አንድ ጣልያናዊ ቄስ አስተርጓሚ አድርገው ቀጠሩኝ። ፓድሬ እንላቸው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካዛንችስ ውስጥ በአንድ መጋዘን የጌታችንን ሕይወት የሚያሳይ ድምፅ አልባ ፊልም ያሳያሉ። ጣልያኖቹ የራሳቸው ሲኒማ ነበራቸው፤ መጋዘኑ ለእኛ ነው። ቂርቆስ አስቀድሶ የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር። ችግሩ፣ ፓድሬው በየመሀሉ ፊልሙን አስቁመው ይሰብካሉ። ጌታ ዓሣ አጥማጆቹን ሲጠራ ፊልሙ ይቆምና፣ "መንግሥትን ታዘዙ" ይላሉ። ማዕበሉን ጸጥ ሲያደርግ ይቆማል፤ አሁንም ታዘዙ ነው። እኔም አፌ እስኪዝል እተረጉማለሁ። ገሚሱ ሰው ጌታ ሳይሰቀል ወጥቶ ይሄዳል።

አንድ እሑድ ስቅለቱ ጋ ስንደርስ፣ ፓድሬው ለማስቆም እጃቸውን ሲያነሡ ከፊት የተቀመጡ አሮጊት ብድግ አሉ። ሁለት ልጆቻቸው ዘምተው እንዳልተመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"ልጄ፣ እነዚህ ጦር የያዙት የማን ወታደሮች ናቸው?" አሉኝ።

መልሱ የጠፋው ሰው አልነበረም።

"ምን አሉ?" አሉ ፓድሬው።

መዋሸት እችል ነበር። ግን እንዳለ ተረጎምኩላቸው። ሸራውን ጥቂት አዩና፣ "የሮማ ናቸው በላቸው" አሉኝ።

ነገርኳቸው። አሮጊቷ ከመስቀሉ ሥር የቆመችውን እመቤታችንን እያዩ፣ "እሷስ ታድላለች፤ አጠገቡ እንድትቆም ተዉአት" አሉ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ፓድሬው እጃቸውን አወረዱና ተቀመጡ። ፊልሙ ያለ አንድ ቃል እስከ መጨረሻው ሄደ። ማንም አልወጣም። አጠገቤ የነበረ ሸማኔ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ ፓድሬው ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ስብከቴ መጥፎ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይደለም፣ ፓድሬ። ግን ሰዉ ያየው ነገር ልቡ ሳይገባ ስብከቱ ይደርስበታል።"

"ስንት ወር ስትተረጉምልኝ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝማ።"

ሳቅ አሉ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ሲጀመር ብቻ አማትበው ከሰዉ ጋር አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ "ታዘዙ"ንም ደግመው አላስተረጎሙኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ምክንያቱን የነገረን የለም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ እኔም መንፈሳዊ ፊልም ወደ መሥራት ገባሁ። በመጀመሪያው ሥራዬ መጨረሻ ላይ የአራት ገጽ ስብከት ጽፌ ነበር። ለሚስቴ ሳነብላት ሁለተኛው ገጽ ላይ ተነሥታ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። አራቱንም ገጽ ከፊልሙ አወጣሁት። "ትምህርቱ የታለ?" ያሉኝ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ቅር ቢሰኙብኝም አልፈርድባቸውም። እኔን እንኳ ያስተማሩኝ አንዲት ልጆቿን ያጣች እናትና ዝም ማለትን የቻሉ አንድ ቄስ ናቸው። ለሁለቱም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።